የማክሰኞ ሴቶችና የኩሬው አረንጓዴ

ማዱራይ፣ ሕንድ
ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት አክስቴ፣ ለእትዬ ተሻለች፣

ከተኙበት በጤና የሚያነሣ፣ ከወጡበት በሰላም የሚመልስ አምላክ ከቤትዎ አይለይ። ልጅዎን ምህረትንም ከነጭቅጭቋ ይጠብቅልን። እኔ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነኝ። ሙቀቱም የሚያስጨንቀው እኔን ነው እንጂ ለትምህርቴ በገንዳ ለማሳድጋቸው አልጌዎች ድግስ ነው።

በደብዳቤ እንጻጻፍ ያሉኝ ልክ ነበሩ። ስልክ ስደውል ምህረት ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል፣ እርስዎም «ደህና ነኝ፣ አንተስ በልተሃል?» ብለው ለጎረቤት ያስረክቡኛል። ዕድሜዎን ሙሉ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ የኖሩ ሰው እውነቱን የሚናገሩት ካሸጉት ብቻ መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ።

እንግዲህ እኔ ልጀምር። ባለፈው ማክሰኞ ለኬሞው ሄደው፣ ነጭ የደም ሴልዎ አንሷል ተብሎ መድኃኒቱን ሳይወስዱ መመለስዎን ምህረት ነግራኛለች። ኬሞው ካንሰሩን ሲያጠቃ ደም የሚሠራውን መቅኔም አብሮ ይጎዳዋል። ነጭ ሴል ሲያንስ ደግሞ ትንሹ ጉንፋን ትልቅ በሽታ ይሆናል፤ ስለዚህ ሐኪሞቹ እስኪያንሰራራ ይጠብቃሉ። እነሱ ሲጠብቁ ካንሰሩም ጊዜ ያገኛል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው።

ይህን ደብዳቤ በሚያመጣልዎት በቀዳማዊ እጅ አንድ ብልቃጥ ልኬያለሁ። ቀዳማዊ አብሮኝ የሚማር የአስኮ ልጅ ነው። በብልቃጡ ውስጥ ያሉት አረንጓዴ እንክብሎች ስፒሩሊና ከሚባሉ አልጌዎች የተሠሩ ናቸው። አንዷ ብቻዋን በዓይን አትታይም፤ ሲበዙ ግን ውሃውን እንዳለ አረንጓዴ የሚያደርጉ የኩሬ አልጌዎች ናቸው። ልጅ ሳለሁ ቢሾፍቱ ወስደውኝ «እዚህ ውስጥ እጅህን እንዳትነክር» ያሉኝን አረንጓዴ ሐይቅ ያስታውሳሉ? እሱን አረንጓዴ ያደረገው ይኸው ዘር ነው። እጅህን አትንከር ያሉኝ ልጅ ይኸው ሙያዬ አደረግሁት።

ፕሮቲንና ብረት አለው። መቅኔ ደም ሲሠራ ያግዛል፣ የሰውነትንም መከላከያ ያበረታል የሚሉ ጥናቶች አሉ። ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ይዋጡ። በፊት ግን ለሐኪምዎ ያሳዩልኝ፤ አደራ።

እጅዎን የሚስም ልጅዎ፣
የኔሰው


ኮልፌ
የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየኔሰው አሰፋ፣

ከባዕድ ሙቀት፣ ከባዕድ ውሃና ስሙን ከማናውቀው እባብ ሁሉ እመቤቴ ትጋርድህ። ወንድሜ አሰፋ ከጎጃም አምጥቶ እጄ ላይ ሲጥልህ የወተት ጥርስህ ገና አልረገፈም ነበር፤ ዛሬ ስለ መቅኔዬ ታስተምረኛለህ። ተመስገን ነው።

ቀዳማዊ ብልቃጡን እስከ ቤቴ አመጣልኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ እጁን ሳይታጠብ አልጨበጠኝም። ደብዳቤህ ያለ ቴምብር በሰው ኪስ መምጣቱ ግን ቅር አሰኝቶኛል። ይህን መልስ ጭምብሌን አድርጌ፣ ታክሲ ተሳፍሬ፣ ዋናው ፖስታ ቤት ድረስ ራሴ አደርሰዋለሁ። የድሮ ባልደረቦቼ ማኅተሙን አሳምረው ይመቱልኛል።

ክዳኑን ብከፍተው የኔሰው፣ ቤቱን ዓሣ ዓሣ አለው! ምህረት ከጓዳ እየሮጠች መጥታ «እማዬ፣ ምን ሞተ?» አለችኝ። የሞተ የለም፣ የወንድምሽ ትምህርት ነው አልኳት። ለጊዜው ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጬዋለሁ። ለዶክተር ኪዳን እነግራታለሁ፤ አትቸኩል። ሴትዮዋ ፊቷ ላይ እንቅልፍ ተጽፎ ነው የምትውለው፤ እሷን ባየሁ ቁጥር እኔው ላክማት ያምረኛል።

ስለ ማክሰኞ ልንገርህ። ኬሞውንም፣ በየሳምንቱ የደም ምርመራውንም በአንድ ቀን የምንወስድ አራት ነን፤ ነርሶቹ «የማክሰኞ ሴቶች» ይሉናል። እኔ አለሁ። ከአስኮ የምትመጣ አልማዜ የምትባል ልብስ ሰፊ አለች። ማራኪ የሒሳብ አስተማሪ ነበረች፣ አሁንም ሁላችንንም ታርማለች። አራተኛዋ ዋጋነሽ ናት፣ የሳንሱሲ ልጅ። ቤተሰቦቿ ድሮ ከከፋ መጥተው ኮልፌ ገበያ ሲነግዱ የኖሩ ናቸው፤ እሷም የእናቷን ቦታ ይዛለች። ከሁላችን ትንሿ እሷ ናት። ራዕይ የምትባል ገና አፏን እየፈታች ያለች ልጅ አለቻት። ራዕይ የእናቷን ሻሽ ገፋ እያደረገች መላጣዋን ትስማለች ብላ ስታወራን አራታችንም ስቀን ሳንጨርስ አለቀስን።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህ የኩሬ ነገር እንደሚሠራ በምን አወቃችሁ? አንድ ሰው ቢሻለው በሱ ይሁን በሾርባው፣ በኬሞው ይሁን በጸሎቱ እንዴት ትለዩታላችሁ? እኛ ፖስታ ቤት ላኪው ያልታወቀ ጥቅል ሲመጣ ዝም ብለን ለማንም አንሰጥም ነበር።

ገንዘብ አትላክ፤ አልቸገረኝም። ስለራስህ ጻፍልኝ። ማን ነው የሚያበስልልህ?

የምትወድህ አክስትህ፣
ተሻለች


ማዱራይ
የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ተሻለች፣

የጀመርነውን ጾም በሰላም ያስፈጽመን፣ ለትንሣኤው በጤና ያድርሰን። እርስዎ ግን እንዳይጾሙ ብዬ ከዚህ እለምናለሁ፤ እንደማይሰሙኝም አውቃለሁ።

ደብዳቤዎን ለመምህሬ ተርጉሜ አነበብኩላቸው። ስለ ጥቅሉ ያሉት ጋ ስደርስ ሳቁና «አክስትህ ተመራማሪ መሆን ነበረባቸው» አሉ። ጥያቄዎ የሙያችን ዋና ጥያቄ ነው።

የምንለየው እንዲህ ነው። አንድ ዓይነት በሽታ፣ አንድ ዓይነት ሕክምና ያላቸውን ሰዎች እንሰበስባለን። በዕጣ ሁለት ቦታ እንከፍላቸዋለን። ግማሾቹ ይወስዳሉ፣ ግማሾቹ አይወስዱም። ከዚያ የሁሉንም ደም እየመረመርን እናወዳድራለን። በዕጣ የሚሆነው ማንም ለወደደው እንዳያደላ ነው፤ አዛኝ እጅ የገባበት ጥናት ተበላሸ ማለት ነው። በእርግጥ ይህን የሚሠሩት ሐኪሞች ናቸው፣ በፈቃድ፣ በብዙ ሰው ላይ፣ በብዙ ጥንቃቄ። እስካሁን በአይጦች ላይ ደስ የሚል ነገር ታይቷል፤ በሰውም ላይ ተስፋ የሚሰጥ አለ።

የሚያበስልልኝ የለም። ሩዝ እቀቅላለሁ፤ የጎረቤቴ እናት ስታዝንልኝ ምስር ወጥ የመሰለ ነገር ትልክልኛለች። የመመረቂያ ጥናቴን መከላከያ፣ መምህራን ፊት ቀርቤ የምፈተንበትን ቀን፣ እየጠበቅሁ ነው። ከዚያ በፊት ከዚህ ብንቀሳቀስ የአራት ዓመት ልፋቴ ገንዳ ውስጥ ይቀራል። አለመምጣቴን በክፉ እንዳያዩብኝ።

እንክብሉን ጀመሩ? ዶክተር ኪዳንስ ምን አለች?

ልጅዎ፣
የኔሰው


ኮልፌ
መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየኔሰው፣

የሰማዩ ጌታ በሰው አገር ብቻውን ሩዝ የሚቀቅለውን ልጄን ይጎብኝልኝ። ለጎረቤትህ እናት አንድ ነጠላ ልኬላታለሁ፤ ሄደህ በሁለት እጅህ ስጣት።

ደብዳቤህን ለማክሰኞ ሴቶች አነበብኩላቸው። ማራኪ መነጽሯን አስተካክላ «ታዲያ እኛስ ምን ያንሰናል? በሽታችን አንድ፣ ወንበራችን አንድ፣ ደማችን በአንድ ቀን ይመረመራል» አለች። እኔ ወረቀት ቆራርጬ ሁለቱ ላይ «አረንጓዴ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለቱን ባዶ ተውኩ። ጠቅልዬ ማራኪ ሻሽ ውስጥ ጨመርኳቸውና እንደ እቁብ አነቃንቀን አወጣን። አረንጓዴው ለአልማዜና ለዋጋነሽ ወጣ። ለእኔና ለማራኪ ባዶ። ማራኪ «የሚውጥ ሰው ለማይውጥ እንዳያጎርስ» ብላ ሁላችንንም አስማለችን።

አሁን ስትጮህ ይሰማኛል። ልጄ፣ ዕጣ ዕጣ ነው። አንተው ነህ ያስተማርከኝ። እኔ ብልቃጡ በስሜ ስለመጣ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ብውጥ፣ እነዚያ ሦስቱ እያዩኝ፣ ከጉሮሮዬ ይወርድልኛል?

ስለዚህ ሌላ ብልቃጥ ላክልኝ፤ ለሁለት ሰው ሲሆን ቶሎ ያልቃል። ለዶክተር ኪዳን ገና አልነገርናትም። ማራኪ ውጤቱ ሲታወቅ ሠርተን እናሳያት አለች። ብንነግራት ትከለክለናለች ብለን ፈርተንም ነው፤ ካንተ ምን እደብቃለሁ።

ከጾሙ ነገር፣ ዶክተሯም የንስሐ አባቴም አትጹሚ ብለውኛል። ግን ወተቱም እንቁላሉም በዚህ ወር አልወርድልሽ አለኝ። ደግነቱ ዋጋነሽ አለች። በየማክሰኞው በሳህን ጎመን ይዛልኝ ትመጣለች፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ገበያ ስትውል ቤቴ ጎራ ትላለች። አጠገቤ ቆማ «እትዬ ተሻለች፣ ሳህኑን ባዶውን ካልሰጡኝ አልሄድም» ትለኛለች። አበሳሰሏ እጅ ያስቆረጥማል ብዬ ባሞግሳት ደስ ባለኝ፤ ግን ኬሞው አፌን አበላሽቶት ጎመኑም ዓሣ ዓሣ ይለኛል። ብልቃጥህን ከከፈትኩ ወዲህ ሁሉ ነገር ዓሣ ሆኖብኛል። ጥፋቱ ያንተ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ደሜ እንደገና አነሰና መለሱኝ። አይዞህ፣ ደህና ነኝ።

አክስትህ፣
ተሻለች


ማዱራይ
መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ!

ከሰላምታው በፊት መጮሄን ይቅር ይበሉኝ። ብልቃጡን የላክሁት ለእርስዎ ነበር!

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ደወልኩ። ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? «ደህና ነኝ፣ አንተስ በልተሃል?» ከኋላዎ የጠያቂው ጫጫታ ይሰማኝ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት ልመና ነበር፤ ዕጣውን ትተው ይዋጡ፣ እኔን ይስሙኝ፣ ለሴቶቹ ሌላ እልካለሁ የሚል። መሃል ላይ «ደምዎን እንደሚያነሣው እርግጠኛ ነኝ» ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ወረቀቱን ቀደድኩት። እርግጠኛ አይደለሁም።

እውነቱን ልንገርዎት። ባለፈው ደብዳቤ «ተስፋ የሚሰጥ አለ» ብዬ በአንድ መስመር አልፌዋለሁ። በሰው ላይ የተሠሩት ጥናቶች ጥቂት ናቸው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ያሉትም ሰዎች ጥቂት ናቸው። ኬሞ ከሚወስዱ ሰዎች የአንዳንዶቹ ነጭ ሴል ብዙ አልወረደም የሚል ይገኛል። ግን ከዚያ ተነሥቶ ለአንድ ሰው «ይሠራልሻል» ማለት አይቻልም። የእኔ አይጦች ደማቸው ትንሽ ተሻሽሏል፤ እርስዎ ግን አይጥ አይደሉም። ይህን እያወቅሁ የላክሁት፣ እኔ መምጣት ሲያቅተኝ ከእጄ የወጣ አንድ ነገር እጅዎ እንዲገባ ፈልጌ ነው። ባዶ ዕጣ ስለደረሰዎት የቀረብዎት ነገር መኖሩን አላውቅም፤ ከዚህ ወዲያም እንደማውቅ አላስመስልም።

የማውቀው ግን አንድ ነገር አለ። ኩሬው ንጹሕ ካልሆነ ከመልካሙ አልጌ ጋር ጉበት የሚጎዳ ክፉ ዘር ሊገባ ይችላል። የላክሁት ቤተ ሙከራችን የመረመረው ነው፤ ቢሆንም በዚህ ሕክምና ላይ ያለ ሰው የሚውጠውን ሁሉ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ዶክተር ኪዳን የጉበት ምርመራ አይታ ግራ ቢገባት መድኃኒቱን ልትቀይር ወይም ልታቆም ትችላለች፤ ምክንያቱ ደግሞ ቁም ሣጥንዎ ላይ ተቀምጧል። እባክዎትን ይንገሯት። አልማዜም፣ ዋጋነሽም ይንገሯት። እሷ ፈቅዳለች የሚል ቃል ካልደረሰኝ ሁለተኛ ብልቃጥ አልልክም።

እወድዎታለሁ። በስልክ ልለው ስሞክር ጎረቤት ይሰማል ብዬ አፍራለሁ።

የኔሰው


አዲስ አበባ፣ ሆስፒታል
ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለየኔሰው፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ይህን የምጽፈው እኔ ምህረት ነኝ። እማዬ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። በፖስታ ካልተላከ ደብዳቤ አይባልም ብላለች፤ እስኪደርስህ ግን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሃለሁ።

በሰሙነ ሕማማት ትኩሳት ያዘኝና አስተኙኝ። ነጭ ሴሌ በጣም ወርዶ ኖሮ ነው። ፋሲካን እዚሁ ዋልኩ። ቀዩ ደምም አንሶ ነበርና ተሰጠኝ፤ የእድራችን ልጆች ሄደው ደም ለገሱ። የሥጋ ቤቱ ባለቤት ነገሬ እንኳን በፋሲካ ማግስት ሥራውን ጥሎ ሄዷል። አሁን ትኩሳቱ ለቆኛል። በማየው ሰው ሁሉ ተመስገን እያልኩ ነው።

ለዶክተር ኪዳን ነገርኳት፣ ደብዳቤህንም አነበብኩላት። ብልቃጡን ካየች በኋላ በእንክብሉ አልተቆጣችም፤ ዝም በማለታችን ግን በጣም ተቆጣች። ኬሞው እስኪያልቅ ሁላችንም እንድናቆም አዝዛለች። የአራታችንንም ጉበት መረመረች፤ ደህና ነው። «ያለ እኔ ምርምር የምትከፍቱ ከሆነ ቢሮዬን ልልቀቅላችሁ» ብላ በመጨረሻ ሣቀች።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ዋጋነሽ ልትጠይቀኝ መጥታ ከበር ላይ ሆና «ጥፋቱ የኔ ነው» እያለች ስታለቅስ ነርሷ አስወጣቻት። ምን ጥፋት እንዳላት ብጠይቃት አልነገረችኝም።

አታስብ። ትምህርትህን ጨርስ።

ተሻለች፣ በምህረት እጅ


ማዱራይ
ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ፣

ምህረት ፎቶ አንስታ የላከችልኝ የደብዳቤውን ፊት ብቻ ነበር። «አታስብ፣ ትምህርትህን ጨርስ» ይላል። እኔም ታዘዝኩ።

ወረቀቱ ራሱ በፖስታ የደረሰኝ ዛሬ ነው። ሳገላብጠው ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ በሚንቀጠቀጥ የእርስዎ እጅ የተጻፈውን አየሁ። «ምህረት ውሃ ልታመጣ ወጥታ ነው። የኔሰው፣ እስከ ዛሬ ና ብዬህ አላውቅም። ከቻልክ ናልኝ።»

ከሆስፒታል ወጥተው ቤት እንደገቡ ምህረት በስልክ ነግራኛለች። እርስዎ ግን እነዚህን ሁሉ ቀናት ና ብለው ጽፈው መልስ ሲጠብቁ ኖረዋል። እኔ ደግሞ በየሁለት ቀኑ እየደወልኩ ስለ ሩዝ አወራልዎታለሁ። በስልክስ አንድ ጊዜ ቢሉኝ ምን ነበረበት? እሺ፣ አውቃለሁ፤ ቤቱ ሰው ነበረበት። ይህን እየጻፍኩ እያለቀስኩ ነው።

መከላከያዬ ሰኔ 10 ነው። ሰኔ 14 አውሮፕላን ላይ ነኝ። ትኬቱን ቆርጬ ነው የምጽፍልዎት። ኬሞው እንደገና ተጀመረ? የማክሰኞ ሴቶች እንዴት ናቸው? ምን ይዤ ልምጣ? አረንጓዴውን አልይዝም፤ ለዶክተር ኪዳን ይንገሩልኝ።

መምጫው የቀረበ ልጅዎ፣
የኔሰው


ኮልፌ
ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየኔሰው፣

መንገድህን የጨርቅ ያድርግልህ። መምህራንህን አፍ ያስይዝልህ። ይህን ደብዳቤ ከመነሣትህ በፊት እንዲደርስህ በፈጣን መልእክት ልኬዋለሁ፤ እዚህ ስትመጣ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ የምነግርህን በሰው ፊት ልነግርህ አልችልም።

አስቀድሜ የምሥራቹን። ነጭ ሴል የሚያነሣ መርፌ ወጉኝ፤ ደሜ ወጣ፤ ያለፈው ማክሰኞ ኬሞዬን ወስጃለሁ። የቀረኝ የመጨረሻው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም አንተ ባለህበት እወስዳለሁ። አልማዜና ማራኪ ጨርሰዋል። ዋጋነሽ እንደኔው አንድ ቀርቷታል። እግሬን ያደነዝዘኛል፣ ደረጃ ላይ እደክማለሁ፣ ግን አለሁ።

አሁን ስለ ጥናታችን። የገባበት አዛኝ እጅ አንድ አይደለም የኔሰው፣ አራታችንም እጃችንን አስገብተንበታል። አልማዜ የደረሳትን እየወቀጠች በማር ለውሳ ለማራኪ ስታቀምሳት ከርማለች። ማራኪ፣ ያቺ ያስማለችን ማራኪ፣ እያወቀች ስትልስ ነበር። ዋጋነሽ ደግሞ ጠዋት የራሷን ትውጥና የማታውን ጎመን ውስጥ ትጨምረዋለች። አረንጓዴ በአረንጓዴ ውስጥ ማን ያየዋል? እኔ አፌ ተበላሽቶ መስሎኝ ሳህን ሙሉ ኩሬ ስበላ ከርሜአለሁ! ትኩሳት ሲይዘኝ በሷ ጎመን የመጣ መስሏት ነው እዚያ በር ላይ እንደዚያ የሆነችው። ዶክተር ኪዳን ትኩሳቱ ከነጭ ሴሉ ማነስ የመጣ ነው ብላ አስረድታታለች። አላመነችም። የኩሬው ሰው ራሱ ይንገረኝ ትላለች። ስትመጣ መጀመሪያ እጇን ይዘህ «ጎመንሽ አልጎዳትም» በላት። ጠቅሟት እንደሆነ ብትጠይቅህ ግን ለኔ እንዳልከኝ እውነቱን ንገራት፤ አላውቅም በላት። ያ ደብዳቤህ ከብልቃጡ የበለጠ አበርትቶኛል።

እኔም ያልነገርኩህ አለኝ። ከማራኪ ሻሽ ውስጥ ያወጣሁት «አረንጓዴ» የሚለውን ነበር። ዋጋነሽ የሷን ሳትገልጠው፣ ራዕይ አለቀሰች ብለው ደወሉላትና ወረቀቱን ወንበሯ ላይ ትታ ወጣች። ገለጥ አድርጌ ባየው ባዶ ነው። የዚያን ለት ስለ ልጇ ያወራችን ነገር በጆሮዬ ነበር። ማራኪና አልማዜ የራሳቸውን እያዩ ሳለ ለወጥኩትና ጠቅልዬ መለስኩት። እሷ ተመልሳ ስትከፍተው እንዴት ደስ እንዳላት ብታይ! እኔ የሰጠኋትን ነው እንግዲህ በጎመን አድርጋ ስትመልስልኝ የከረመችው።

ይህን አልነገርኳትም፣ አንተም እንዳትነግራት። ዕጣው የኔ እንደነበረ ካወቀች ካሳ ብላ ሌላ ነገር ልታበላኝ ትጀምራለች።

ምን ይዤ ልምጣ ላልከኝ፣ ምንም። ባዶ እጅህን ና። ዋጋነሽ አሁንም ሐሙስ ሐሙስ በሳህን ይዛልኝ ትመጣለች፤ አንተም አብረኸኝ ትበላለህ። ጎመኑ አሁን ንጹሕ ነው፣ ምንም ምንም አይሸትም። ብታምነኝም ባታምነኝም፣ ያ የዓሣ ሽታው ይናፍቀኛል።

የምትጠብቅህ አክስትህ፣
ተሻለች